የሬሚ ቫልኩር ያልተሾመ አሰልጣኝ

በዓለም ላይ ያለ ስፖርተኛ ሁሉ ሁለት አሰልጣኝ አለው። አንደኛው አብሮት በአውሮፕላን የሚዞር፣ ፎጣ የሚያቀብል፣ ልጁ ሲሸነፍ ደግሞ የሚባረር ነው። ሁለተኛው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያሠለጥናል። ይኼኛው አይባረርም፤ ጡረታ አይወጣም፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። «ተጫዋቹ እኮ አንተ የምትባል ሰው በምድር ላይ መኖርህን አያውቅም» ቢሉት፣ «ኋላ ይገባዋል» ብሎ ያልፋል። በእናንተም ዘመድ መካከል አንድ አይጠፋም። የለም የምትሉ ከሆነ አጎታችሁን እንደገና አስተውሏቸው።

ሙሉ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አግብታ፣ ሚኒያፖሊስ ፊሊፕስ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብራው ትኖራለች።

ሊቀ ቴኒስ ሐብተማርያም (ማዕረጉን የሰጠው የሥራ ባልደረባው ያህያ ነው) መሀል ከተማ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። ይህ ለቤት ኪራይ ነው። ዋናው ሥራው ሬሚ ቫልኩር የተባለውን የሃያ ዓመት ፈረንሳዊ የቴኒስ ተጫዋች መምራት ነው። ሬሚ ከአገር አገር፣ ከውድድር ወደ ውድድር ይበራል፤ ሐብተማርያም ከወንበሩ ሳይነሳ ይከተለዋል።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆች 1995 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሐብተማርያም ቴሌቪዥኑን ሲከፍት አንድ ወጣት ከዳኛው ጋር በፈረንሳይኛ ይጨቃጨቃል። ሐብተማርያም ደግሞ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ ፈረንሳይኛውንም ቴኒሱንም ከፈረንሳዮቹ አለቆቹ ተምሯል። ሚኒሶታ ከገባ ወዲህ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ያንን ቋንቋ የፈለገበት አንድም ሰው አልተገኘም።

«ሙሉ! ነይ ቶሎ! የሚሳደበው ሁሉ ይገባኛል!»

ሙሉ እጇን እየጠረገች ወጣች። ልጁ የፀጉሩን ግማሽ ቢጫ ተቀብቷል፤ በአንድ እግሩ ቀይ ካልሲ፣ በሌላው አረንጓዴ አጥልቋል። ነጥብ ሲያገኝ ወገቡን ሰበር አድርጎ ለተመልካቹ እጅ ይነሳል። ነጥብ ሲያጣ ኳሷን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ያማክራታል። ዝም ብሎ ቢመታት የምትገባለትን ኳስ በእግሮቹ መሀል ካልመታሁ ብሎ መረብ ላይ ሰካት።

«ይሄ ቅብጥብጥ ነው» አለች።

«ቅብጥብጥ አይደለም፤ ሰው አጥቶ ነው» አለ ባሏ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «ይህን ልጅ ለሁለት ቀን ብቻ ቢሰጡኝ!»

ያቺ ሁለት ቀን ከዚያ ወዲያ ከቤቱ አልወጣችም። በራት ሰዓት ትነሳለች፤ መኪና ውስጥ ትነሳለች፤ ክርስትና ቤት ተጋብዘው ሄደው ትነሳለች። ሐብተማርያም ፕሮግራሙን ጨርሶታል፦ በመጀመሪያው ቀን ካልሲውን ያስተካክላል፣ በሁለተኛው ቀን ባክሃንድ የሚሉትን የእጅ ጀርባ ምቱን። ሬሚ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል፤ ሲሸነፍ «አልሰማኝም» ይላል። ልጃቸው ሊዲያ አንድ ቀን በጩኸቱ ተማርራ፣ «ዳድ፣ ሂ ካንት ሂር ዩ!» ብትለው፣ «እሱ ባይሰማ እግዜር ይሰማል» ብሎ ጩኸቱን ቀጠለ።

ሬሚ ገና ስሙ ያልገነነ ስለሆነ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው አንዳንዴ ነው። ስለዚህ ክትትሉ ድካም አለው። በየማለዳው በጋዜጣው የስፖርት ገጽ ጥግ፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት የሚታተመውን ውጤት በማጉያ መነጽር ይፈትሻል። ጋዜጣው ከዘለለው ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይደውላል፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ከመልመዱ የተነሳ ድምፁን ሲሰማ «ፓሌርሞ፣ ተሸንፏል፣ አይ አም ሶሪ» ማለት ጀምሯል። ማቆሚያው በር ላይም ቢሆን የኋላ ወንበሩ ላይ የቴኒስ ራኬት ያስቀመጠ ሾፌር በዋዛ አያልፍም። ቫልኩርን ያውቀው እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካላወቀ ይማራል። ከኋላ ጡሩምባው ሲበዛ ያህያ እየሮጠ ይመጣል።

«ጋሽ ሐብቴ፣ በአላህ ይክፈቱለት! ሰውየው እኮ ፍላይት ሚስ ሊያደርግ ነው!»

ሙሉ ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የባሏን ቀኝ ጉልበት ነው። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ካለ ሁለት ዓመት አልፏል። ሐብተማርያም በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ቅባት ቀብቶታል፣ በፎጣ አስሮታል፣ ጠበል ረጭቶታል፤ ቢላዋ ወዳለበት ብቻ አላስጠጋውም። ሦስቱን ፎቅ ሲወጣ በየደረጃው እየቆመ መስኮት የሚያይ ይመስላል። ሙሉ ግን የምትሠራው ሴንት ፖል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ መስኮት እያዩ የሚያርፉ ሰዎች መጨረሻቸው ወዴት እንደሆነ ታውቃለች። ትፈራ ነበር፤ ከልቧ ትፈራ ነበር።

በ1996 ግንቦት ላይ ሬሚ ሮም ውስጥ አንድ ትልቅ ተጫዋች አሸነፈ። ደስታው ቢበዛበት ተጋጣሚውን ለማቀፍ መረቡን ዘለለ። አረንጓዴው ካልሲ አለፈ፤ ቀዩ ተያዘ። ልጁ በግንባሩ ተደፋ፣ የጉልበቱም ጅማት ተበጠሰ። ሐብተማርያም ያንን ካየ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ የራሱን ጉልበት ሲያሻሽ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን፣ «ነገ ኦፕራሲዮን ያደርጉታል» አለ በሐዘን።

«የሃያ ዓመት ልጅ ይገባል፣ አንተ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰውዬ ትፈራለህ» አለች ሙሉ።

«እኔ አልፈራሁም። ጊዜ አላገኘሁም።»

«ሐብቴ፣ እኔ የት እንደምሠራ ረሳኸው? ዛሬ ነገ ሲሉ የቆዩትን ነው ቀኑን ሙሉ በዊልቸር ፑሽ ሳደርግ የምውለው። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ አንተን ፑሽ ላድርግ?»

ሐብተማርያም ተናደደ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ውል ይገባል። «እሺ! ሬሚ በዚያ ጉልበቱ ተመልሶ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ ካሸነፈ፣ እኔም እገባለሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከተሸነፈ ግን የጉልበት ወሬ እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳ!»

«በገብርኤል በል።»

«በገብርኤል!»

እንግዲህ ያን ዕለት የሬሚ ቫልኩር ጉልበት የሙሉ ጉዳይ ሆነ። በማታውቀው አገር ያለ የማታውቀው ሐኪም እጁ እንዲቀናው ተመኘች። ልጁ በክራንች መሄድ መጀመሩን፣ ክራንቹን መጣሉን፣ ራኬት መጨበጡን ከባሏ ቀድማ ማወቅ ፈለገች። አንድ ቀን በምሳ እረፍቷ ራሷ ጋዜጣው ዘንድ ደወለች። ያ የለመደው ሰውዬ፣ «ኦ፣ ዩ አር ዘ ዋይፍ?» አላት።

ሐምሌ ላይ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ አዳራሽ ውስጥ ጸበል ጸዲቅ ሲቀማመሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ታላቅ የሆኑት እትዬ አስካለማርያም ሙሉን በእጇ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ሙሉዬ፣ እንዳንቺ ልበ ሰፊ ሴት አላየሁም» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ምን አደረግሁ እትዬ?»

«ሌላዋ ብትሆን ቤቱን ትበትነው ነበር። ከጋብቻ በፊት ተወለደ፣ ፈረንሳይ አገር ተወለደ፣ ልጅ ልጅ ነው። ይኸው ቄሱ በየሳምንቱ ኃይለ ገብርኤል እያሉ ሲያስቡት አንቺ ቀና ብለሽ አሜን ትያለሽ።»

ድሬዳዋ፣ ፈረንሳዮቹ፣ የባሏ ጎረምሳነት ባንድ ጊዜ በዓይኗ ላይ አለፉ። «ለመሆኑ ልጁ… ምኑን ነው የታመመው?» አለች።

«እንዴ፣ ጉልበቱን ነዋ! አልነገረሽም?»

ሙሉ ሳቋን ለመዋጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፤ እትዬ አስካለማርያም ልቅሶ መስሏቸው አቀፏት። በትከሻቸው በኩል ባሏ ይታያታል፤ ሳህን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ግድግዳውን ተደግፎ የአዳራሹን ሦስት ደረጃ አንድ በአንድ ይወርዳል። እውነቱን ተናግራ ልታሳፍረው ትችል ነበር። ስሙን ከዚያ ወሬ ማጽዳትም ትችል ነበር። እሷ ግን ያ ውል ትዝ አላት።

«አዎ እትዬ» አለች። «አደራዎን፣ ጸሎቱን እንዳያቋርጡ።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ አፋጠጠችው። ሐብተማርያም አልካደም። ለታመመ ሰው ይጸልዩልኝ ቢላቸው ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁት። «ምን ልበላቸው? ሬሚ ልበል? ልደቱን መጽሔት ላይ አይቼ ብቆጥረው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ዋለልኝ፤ የገብርኤል ዕለት! ኃይለ ገብርኤል አልኳቸው።» ፈረንሳዊው ያለ ውኃ፣ ያለ አበ ልጅ፣ እሱም ሳይሰማ ክርስትና ተነሣ።

«ምንህ ነው ሲሉህስ?»

«ልጄ ነዋ። ምን ጊዜም እንደዚያ አይደል የምለው?»

ጥቅምት ላይ ሬሚ የሚመለስበት ቀን ተቆረጠ። ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ ማክሰኞ፣ የመጀመሪያ ዙር። ሰኞ ዕለት ከራት በፊት ሙሉ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ፊት ቆማ፣ «የኃይለ ገብርኤልን ጉልበት አጽናለት፤ የዚህንም ፈሪ ጉልበት አደራህን» ብላ ዞር ስትል ሐብተማርያም በር ላይ ቆሟል። እያነከሰ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ጋዜጣውን ሊያመጣ ራሱ ወረደ። ቆየ፤ ከወትሮው በጣም ቆየ። በሩን ሲከፍት ሙሉ የሥራ ልብሷን ለብሳ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«አሸነፍን» አለ።

«በገብርኤል?»

«ስድስት ለአራት፣ ስድስት ለአራት።»

እልልታዋ የታችኛውን ጎረቤት ከአልጋው አወረደው፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ደበደበ። ሙሉ ግን መች ሰምታው። ገጹን ልየው ብትል ለያህያ ይዤለት እሄዳለሁ ብሎ ኪሱን ነካ ነካ አደረገ። በዚያው ቀን ማንም ሳይነግረው ሐኪሙ ዘንድ ደወለ። አንድ በሽተኛ ቀጠሮውን ሰርዞ ኖሮ ለመጪው ማክሰኞ ቦታ ተገኘለት። እሑድ ቄሱ ኃይለ ገብርኤል ለምሕረት መብቃቱን ሲሰሙ አመሰገኑ፤ እትዬ አስካለማርያም ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሐብተማርያም በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ሲገፉት የሙሉን እጅ አጥብቆ ይዞ ነበር። እሷ መጠበቂያ ክፍል ተቀመጠች። እጇ ሥራ ሲያጣ ከጠረጴዛው ላይ ካለው የቆየ ጋዜጣ ክምር አንዱን ሳበች። የባለፈው ረቡዕ ዕትም ነው። የስፖርት ገጹን ገልጣ እንደለመደችው ወደ ጥግ ወረደች፤ እነዚያን ፊደላት አሁን ያለ ማጉያ ታነባቸዋለች።

ሊዮን፣ ፈረንሳይ። በአዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያሸነፈ ስሙ ይቀድማል። ቀድሞ የተጻፈው የአንድ የሆላንድ ሰው ስም ነው፤ ቫልኩር ከኋላው ተከትሏል። ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለሁለት።

ሙሉ ደግማ አነበበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚፈልገው ሰበብ ታትሞ ደጁ ድረስ መጥቶለት ነበር። በገብርኤል የተማለበት ሰበብ ነው፤ እሷም አንድ ቃል ልትመልስበት አትችልም ነበር። ያ የቢላዋ ስም ሲጠራ የሚገረጣ ሰውዬ ገጹን አጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ፣ «አሸነፍን» አላት። ሙሉ ጋዜጣው ላይ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ክፉ ወሬ መስሏት መሐረብ አቀበለቻት። እንደዚያን ቀን ባሏን የወደደችበት ቀን አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ነርሷ ሁሉም በደህና ማለቁን ነግራ አስገባቻት። ሐብተማርያም ዓይኑን በግማሽ ገልጦ ተኝቷል፤ ምላሱ ተሳስሯል።

«ሙሉዬ… ጋዜጣ… አየሽ እንዴ ዛሬ?»

«ምን ጊዜ ኖሮኝ?» አለች ወንበሩን እያስጠጋች። «ይልቅ ያን የሊዮኑን ጨዋታ በወጉ አልነገርከኝም። እንዴት አድርጎ ነው ያሸነፈው?»

በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጨዋታ ንገረኝ ብላው አታውቅም። ሊቀ ቴኒስ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ገለጠ። ጣራውን እያየ ትንሽ አሰበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጀመሪያ ላይ… ልጁ ፈርቶ ነበር። ጉልበቱን አላመነውም። ቀስ እያለ ገባበት። አራት ለአራት ሲሆኑ፣ ሙሉዬ፣ ነፋስ ተነሳ። ከባድ ነፋስ! ኳሷን ሰማይ ላይ ያንከራትታታል…»

ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ውስጥ የተነሳውን ያን ከባድ ነፋስ ሙሉ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ እስከ አንገቱ አለበሰችው።

«ከዚያስ?» አለችው።