ስድስት ደረጃ የሚወጣ ዓረፍተ ነገር

ፊደልን የፈጠረው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ ሄዶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ሄዶ ቢሆን ኖሮ ሥራውን በግማሽ አይተወውም ነበር!

እኔ ሚዛን ተፈሪ የአማርኛ መምህር ነኝ። ጎረቤቴ ደረጀ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ራሔል የምትባል የቤንች ልጅ ወደደና ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ።

“ጋሼ፣ አባቷ ቁጥብ ሰው ናቸው” አለኝ። “አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በቤንችኛ ቢሏቸው ልባቸው ይከፈታል።”

አንድ ዓረፍተ ነገር! ሃያ ዓመት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስተነትን የኖርኩ ሰው... ምን ያስፈራኛል?

የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር አስቴር የቤንች ተወላጅ ናት። “ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል” የሚለውን በቤንችኛ ነገረችኝ። በፊደላችን ጻፍኩትና መልሼ አነበብኩላት።

“እሱን አላልኩም” አለች።

“እንዳለ ጽፌዋለሁ እኮ!”

“ፊደሉ ልክ ነው። ድምፁ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። አለዚያ ሌላ ቃል ይሆናል።”

“ስንት ደረጃ?”

“የሚያጠኑት ሰዎች ስድስት ይላሉ። እኔ እናገረዋለሁ እንጂ ቆጥሬው አላውቅም።”

የሒሳብ መምህር ናት እንግዲህ፤ ልብ በሉልኝ።

“ታዲያ ፊደል የሠራው ሰው ይህን እንዴት ዘለለው?”

“ለራሱ ቋንቋ ነዋ የሠራው! አንተ ቤንችኛ ልትጽፍበት እንደምትመጣ በምን ይወቅ?”

“ሰውስ መናገር የጀመረው በቃል ነው ወይስ በዜማ?”

“የጥንቱን አላውቅም። ልጄ ግን ከቃሉ በፊት ዜማውን ነው የያዘችው። አንተ ደግሞ...” ብላ ተወችው።

በየፊደሉ ራስ ላይ ቀስት ሣልኩ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት። ሳምንቱን ሙሉ ሸመደድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሌላ ሽማግሌና ከደረጀ ጋር በባጃጅ ሄድን። የራሔል አባት አቶ ያዕቆብ ጽኑ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀን። ተነሣሁ። ቀስቶቹ እንዳይጠፉብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እጄም አብሮ ወጣ፣ ወረደ፤ መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ።

አቶ ያዕቆብ አንገታቸውን ደፉ።

“አሜን” አሉ።

“አሜን!” አለ ቤቱ በሙሉ።

“መምህር፣ እኔ እኮ ኦርቶዶክስ ይመስሉኝ ነበር” አሉ አቶ ያዕቆብ ጥርት ባለ አማርኛ። “በልሳን መጸለይ የጀመሩት መቼ ነው?”

አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ ወንበራቸውን ከእኔ ትንሽ አራቁ።

“ትርጉሙስ?” አሉ አቶ ያዕቆብ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እውነቱን ብናገር ቋንቋቸውን ገድያለሁ፤ ዝም ብል ሃይማኖቴን ቀይሬያለሁ። ደረጀ ደግሞ ውጭ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

“ትርጉሙማ...” ስል ከጓዳ ሳቅ ፈነዳ። ራሔል ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅቷ አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች። አባቷ ፊት ቆማ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቤንችኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ ሲወጣም ሲወርድም አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

“እንዲህ ለማለት ነው አይደል፣ ጋሼ?” አለችኝ።

“አዎ፣ ልክ እንዲያ” አልኩ።

አቶ ያዕቆብ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ።

“ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ስትሆን ግን ዛሬ ገና አየሁ። እንግዲህ ምን እላለሁ...” አሉና እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ደረጀና ራሔል በጥር ተጋቡ። ሠርጉ ላይ ንግግር እንዳደርግም ጋበዙኝ። መርሐ ግብሩ ላይ ከስሜ ጎን “በአማርኛ” ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።