አቶ አይባልም እና «ብቻ» የተባለችው ቃል

ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ጆሮውን የሚያሳክከው አራሚ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ታውቁታላችሁ። «እንደምን አደራችሁ» ስትሉት ደኅንነታችሁን ትቶ አነጋገራችሁን የሚመዝን፣ ሐዘን ሊደርስ ሄዶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የሚመለስ ሰው ነው።

በመንግሥት የቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩት የቋንቋ አራሚ ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ቁንጮ ነበሩ። ስም ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም፤ ግን ከዘበኛው እስከ ሚኒስትሩ ሁሉም የሚያውቃቸው «ክቡር አቶ አይባልም» በሚል ነው። «እንዲህ አይባልም!» ሳይሉ የዋሉበት ቀን ካለ ታመው የቀሩበት ነው፤ ያኔም ቢሆን ሐኪሙን ሳያርሙ አይመለሱም።

አንድ ቀን ጭር ያለ መንገድ ላይ ሌባ አንገታቸውን አንቆ «ስልክህን አምጣ!» ቢላቸው፣ «በአባትህ ዕድሜ ላለ ሰው “ስልክዎን ያምጡ” ነው የሚባለው» አሉት ይባላል። ሌባውም ደንግጦ «ይቅርታ፣ ስልክዎን ያምጡ» አለና ተቀብሏቸው ሄደ። የመሥሪያ ቤቱ ሊፍት ላይ «አይሰራም» የሚል ወረቀት ሲለጠፍም በንጉሡ ሠ «አይሠራም» ብለው አረሙት። ሊፍቱ ከዚያ ወዲህ በትክክለኛው ፊደል ቆሟል።

በእኚህ ሰው ከሁሉ በላይ የተንገሸገሸችው የአምስት ዓመቱን የዲጂታል ዕቅድ የምታረቅቀው የቡድን መሪ ናት። ወራት የለፋችበትን ረቂቅ በሰጠቻቸው ቁጥር ደም የለበሰ መስሎ ይመለስላታል። ክላውድ የሚሉትን ለማለት «የመንግሥት መረጃ ሁሉ ወደ ደመና ይወጣል» ብላ ብትጽፍ፣ ጎኑ ላይ «ሲዘንብ ማን ላይ ሊወርድ?» ብለው ጻፉላት። ስልክ ያለውን ሁሉ «ተጠቃሚ» ብላ ብትቆጥር፣ «የተጠቀመውን ነው ወይስ የከፈለውን?» አሏት።

«እኚህን ሰው አንድዬ ይገላግለኝ!» ትላለች ቤት ገብታ ለእናቷ።

«ተዪ ልጄ፣ ትልቅ ሰው አይጠላም» ይላሉ እናትዋ። «አንቺም እኮ አፈ ፈጣን ነሽ።»

ዕቅዱ ለምክር ቤት የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። የቡድን መሪዋ «ማንኛውም ዜጋ የመንግሥትን አገልግሎት በኢንተርኔትም ያገኛል» ብላ ነበር የጻፈችው። አቶ አይባልም እንኳ ያለ አንዲት ጭረት ያሳለፉት ዐረፍተ ነገር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን አለቃዋ ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ «በኢንተርኔት ብቻ» አደረገው።

«የበላይ አካል የሚወደው ቆራጥ ሐሳብ ነው» አላት። «“ም” ምን ያደርጋል? ማመንታት ይመስላል።»

እሷም ዋጥ አደረገችው። ዕቅዱ ይለፍ እንጂ በአፈጻጸም ይስተካከላል ብላ ራሷን አጽናናች። ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ይህችን ማጽናኛ ያውቃታል፤ ተስተካክሎ ያየ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በትንሿ የስብሰባ ክፍል ታጎሩ። የአራሚው ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ዕቅዱን ወደ ምክር ቤት የሚያደርሰው ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ከታች ጥሩምባውን ይነፋል።

«ይፈርሙልን እንጂ፣ መኪናው ቆሟል» አለ ዳይሬክተሩ።

አቶ አይባልም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ መልሰው አወረዱ።

«እንዲህ አይባልም።»

«የቱ?»

«ይቺ። “ማንኛውም ዜጋ የመንግሥትን አገልግሎት በኢንተርኔት ብቻ ያገኛል።”»

«ሰዋስዉ ተሳስቷል?»

«የለም። ሰዋስዉስ ልክ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ከወረቀቱ ቀና አለ። ከእኚህ ሰው አፍ «ልክ ነው» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ቀረዎት?»

«“ማንኛውም” በሩን ይከፍታል፤ “ብቻ” መጥቶ ይዘጋዋል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝና ላርመው።»

የዳይሬክተሩ አንገት ደም ሥር ተገተረ። «እኔ ፖሊሲ ነው የምጽፈው፣ ግጥም አይደለም! የእርስዎ ሥራ ፊደል መልቀም ነው።»

«ፊደል እየለቀምኩ ነው እኮ። እዚህ ጋ አንዲት “ም” ነበረች። ማን ለቀማት?»

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸቱ ይብስ ነበር።

«ውልዎ የሚታደስበት ወር ላይ ነን። ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ» አሉ። እስክሪብቶውን ከደኑና ጠረጴዛው ላይ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ በቀስታ አስቀመጡት።

ዳይሬክተሩ ወደ ቡድን መሪዋ ዞረ። «አራሚ በሌለ ጊዜ የቡድን መሪ ትፈርማለች ይላል መመሪያው። ነይ ፈርሚ።»

«አራሚው አሉ እኮ።»

«የሉም ብያለሁ!»

እስክሪብቶ አነሳች። ምክትልነቱ ለእሷ እንደታሰበ በኮሪደሩ ይወራል፤ አንድ ፊርማ ነው የቀራት። ግን እናትዋ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ። ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙት፣ «አረንጓዴዋን ስጫን ሰው ያናግረኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም» የሚሉት እናትዋ። የጡረታ ነገር ሲበላሽባቸው ቢሮው መስኮት ጋ ቆመው፣ ከወዲያ ማዶ ካለችው ሠራተኛ ጋር ተጨቃጭቀው፣ ተሳስቀውም ያስተካክላሉ። ያ መስኮት ነው አሁን በእሷ እጅ ሊዘጋ ያለው። ሽማግሌውን በልቧ ረገመቻቸው። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እሷስ ዝም ብላ አልነበረም?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እስክሪብቶውን እንደያዘች ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «“ም”ን ይመልሱልኝና አሁኑኑ ልፈርም። እንዲህ ሆኖ ግን አልፈርምም።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ሁለቱን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጇ መንጭቆ «ብቻ»ን ወረቀቱ እስኪበሳ ሰረዘና አንዲት ጠማማ «ም» ጫረ። አራሚው ፈረሙ። እሱም ዶሴውን ነጥቆ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ምክር ቤቱ ዕቅዱን አጸደቀ። «ማንንም ያላስቀረ» ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ዳይሬክተሩም ደረቱን ነፍቶ ምስጋናውን ተቀበለ። ምክትልነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የአቶ አይባልም ውልም አልታደሰም። ቀይ እስክሪብቶዎቻቸውንና የወንበራቸውን ትራስ በፌስታል ይዘው ወጡ፤ የስንብት ደብዳቤያቸውን ግን ሁለት ቦታ አርመው ነው የፈረሙበት።

መሥሪያ ቤቱ እፎይ አለ። ስብሰባ በጊዜ ያልቅ ጀመር፤ ሰው እንደ ልቡ ተሳሳተ። የዕቅዱ ማስፈጸሚያ ደንብ ረቂቅ ሲመጣም ሁሉም አገላብጦ «ግሩም ነው» አለና ለምሳ ወጣ።

የቡድን መሪዋ ብቻዋን ቀረች። ረቂቁን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። የሚያደናቅፍ ነገር የለውም፤ ሙልጭ ያለ ነው። ፍርሃት ፍርሃት ያላትም እሱ ነው። ስልኳን አነሳች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ላንብብልዎ?»

ተቀይመውኛል ብላ ልትዘጋው ስትል ከወዲያ ወንበር ሲጎተት ሰማች። የልጅ ልጆች ይንጫጫሉ።

«ዝም በሉ እስቲ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» አሉ ለቤቱ ሁሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «በይ ልጄ» አሏት፤ «ቀስ ብለሽ አንብቢው።»