ሐጅ ያልከፈሉኝ ደረሰኝ

አከራይና ተከራይ ሲዋደዱ እኔ እፈራለሁ። ሲጣሉ ግድ የለም፤ ቢያንስ ወረቀት ይጻጻፋሉ።

እኔና አከራዬ ሐጅ እንዋደድ ነበር። እዚህ በሰው አገር፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ ግቢያቸው ጥግ ያለችውን ክፍል ከተከራየሁ ሰው ወልዶ የሚድርበት ዘመን አልፏል። በየወሩ ኢጃሩን፣ ኪራዩን ማለቴ ነው፣ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ይከቱታል። ሰው ፊት ገንዘብ መቁጠር ነውር ነው ይላሉ። ታዲያ ሳይቆጥር የሚቀበልን ሰው ደረሰኝ ጻፍልኝ ይሉታል? ወሎዬ ነኝ፤ ይሉኝታ ይገድለኛል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያልኩ የጎረቤት ልጆችን ፊደል አስቆጥር ነበር። እኔን ማን ያስቆጥረኝ?

ሐጅ የሞቱት መንግሥት በወደቀ ሰሞን ነው። የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ነፃነት፣ ፍትሕ ተብሎ ተጽፎበታል። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ልጃቸው ዑስማን እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሞ፣ ከአባቴ የሚፈልገው ያለ ወደ እኔ ይምጣ፣ ዕዳቸውን እኔ እከፍላለሁ አለ። ከሴቶቹ መሃል ሆኜ ሰማሁት። ጎበዝ ልጅ፣ አልኩ።

ጉብዝናው እስከ አርባው አልቆየም። ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የዓመት ኢጃር አለብሽ ብሎ መጣ። ለካ ክፍሏን በእጥፍ የሚከራይ ሰው አግኝቷል። ከፍያለሁ ስለው፣ ወረቀትሽ የታለ? አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ወጣቶቹ ወዳቋቋሙት የሰፈር ለጅና፣ ኮሚቴያቸው ዘንድ፣ ሄድኩ። ደግ ልጆች ናቸው፤ ወንበር ለቀው ሻይ አዘዙልኝ። ተከራይ የከፈለበትን ማስረጃ የማግኘት መብት አለው አሉኝ። መቼ አገኘዋለሁ? ስላቸው፣ ኢንሻ አላህ። ስንት የሕግ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ የሚል አንቀጽ አላየሁም።

ዑስማን ይህን ሰምቶ እናቱን ሐጃንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ለዕድሜዋ ስል ዕዳዋን ምሬያታለሁ፣ ክፍሉን ብቻ ትልቀቅ አለ። ምን በድዬው ነው የሚምረኝ?

«ልጄ፣ ምሕረትህን ያዘው» አልኩት። «ከአባቴ የሚፈልገው ያለ ይምጣ ብለሃል፤ ይኸው መጣሁ። ሐጅ የከፈልኩበትን ወረቀት በየወሩ ሊሰጡኝ ይገባ ነበር፤ አልሰጡኝም። ዕዳቸው ነው። ክፈልላቸው።»

የሟች ነፍስ ዕዳዋ እስኪከፈል ተንጠልጥላ እንደምትቆይ ጀሪፍም ያውቃል፣ ወሎም ያውቃል። ሐጃ ልብሳቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ስትከፍል በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «ጻፍ። አባትህን አታንጠልጥል።»

ጻፈ። የወሩን በወሩ፣ ላቡን እየጠረገ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኩ። ስሜን ሁለት ቦታ አሳስቶት ነበር፤ አስተካክል አልኩት፣ አስተካከለ። በሰው አገር ይህን ያህል ስኖር እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም፤ የሄድኩት ደግሞ ግቢውን አቋርጬ እስከ ክፍሌ ነው።

የለጅናው ልጆች መጥተው፣ ሕጉ አሸነፈ ብለው አቀፉኝ። እኔም አቀፍኳቸው። ሕጉማ ገና ኢንሻ አላህ ላይ ነው።

አሁን ኢጃሩን የሚቀበሉት ሐጃ ናቸው። ባለፈው ወር እጄ አጥሮ ብዘገይ፣ ደረሰኙን በበሬ ሥር አስገብተውት አገኘሁ። ኧረ ገና አልከፈልኩም ብላቸው፣ ሞት አይታወቅም፣ የእኔ ዕዳ ይቅደም፣ የአንቺ ይደርሳል አሉኝ።

ሞት ለእኔስ መች ይታወቃል? በዚያው ቀን ከጎረቤቴ ተበድሬ ከፈልኩ። ለብድሩ ወረቀት አልተጻጻፍንም። እንዋደዳለን።