ባለ ፎልደሩ አሞጽ

ቢሮ ባለበት ሁሉ ፎልደር የያዘ ሰው አለ። እንደውም ቢሮው ሳይሠራ በፊት ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቅ የነበረ ነው የሚመስለው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጧት በሩ ሲከፈት ደረጃው ላይ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ሲባል «እጠብቃለሁ» ይላል። መስክ ወጥተዋል ሲባል «የትኛው ቀበሌ?» ብሎ ይጠይቃል። ተቀይረዋል ሲባል ደግሞ አዲሱን ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ከዘመድ የሚቀድመው እሱ ነው። ኃላፊ ይሾማል፣ ኃላፊ ይሻራል፤ እሱ ግን ከነፎልደሩ አለ።

የሚዛን ተፈሪው አሞጽ ይባላል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ደብዳቤ የተቀበልኩ፣ ቁጥር የሰጠሁ፣ ማኅተም የመታሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ፎልደር ያዦች ባወራ ያምርብኛል። የመሬት አለ፣ የጡረታ አለ፣ የአጥር ክርክር ከአባቱ የወረሰም አለ። አሞጽን የመሰለ ግን አልገጠመኝም። ሌሎቹ የሚመላለሱት ለራሳቸው ነው።

ክቡር አቶ አሞጽ፣ የገበያው በረንዳዎች ሁሉ ባለ ሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ፣ የጌጫ ልጅ ነው። ለቡና ለቀማ ቴፒ ወረደ፣ ታመመ፣ ሥራ አጣ፣ ወደ ሚዛን መጣ፣ ከዚያ ስድስት ዓመት በረንዳ ላይ አደረ። አንድ ቀን ሊሞት ሲል አጠገቡ ያድር የነበረ ሰው አዝሎ ሆስፒታል አደረሰው፤ አስታማሚ ሆኖም አብሮት ከረመ። አሞጽ ዳነ። መዳኑም ለኛ ጣጣ ሆነ።

ከበረንዳ ተነሥተው የቀን ሥራ የያዙ ስምንት ሰዎች ሰበሰበ። አንዷ ውድነሽ ናት፤ ገበያ ውስጥ የተቀቀለ ጎደሬ ትሸጣለች። እነዚህ ሰዎች ከሥራ መልስ በረንዳውን ይዞራሉ። የታመመውን ያነሣሉ፣ የቆሸሸውን ያጥባሉ፣ ሆስፒታል የገባውን ተራ ገብተው ያስታምማሉ። «በረንዳ ያደረን ሰው ነገር የሚያውቀው በረንዳ ያደረ ነው» ይላል አሞጽ። «እኛው እናነሣዋለን። እናንተ ጣራውን ብቻ ስጡን።»

ጣራው የቱ ነው? ከገበያው ጀርባ ያለ ባዶ መጋዘን ነው። ከሆስፒታል የወጡ በሽተኞች ጉልበት እስኪያገኙ የሚተኙበት ደረቅ ቦታ። ገንዘብ አልጠየቀም፣ መኪና አልጠየቀም፣ አበል አልጠየቀም። ይኼ ነው መሰለኝ ሰዎቹን ያስደነገጣቸው።

ሁሌ የሚላት ነገር አለች፦ «ዝናቡ ሳይከብድ።» ሚዛን ላይ ዝናብ የማይከብድበትን ወር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በጥቅምትም «ዝናቡ ሳይከብድ» ይላል፣ በሚያዝያም «ዝናቡ ሳይከብድ» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅበት ነበር።

አንዱ ቢሮ «ማኅበር ከሆናችሁ ፈቃድ አምጡ» አለው። ፈቃድ ሰጪው «አድራሻ አምጡ» አለው። አድራሻ የሚሆነው መጋዘኑ ነው፤ የመጋዘኑ ባለቤት ቢሮ ደግሞ «ፈቃድ ለሌለው አንሰጥም» አለ። እሺ፣ ቢያንስ የአባላቱን መታወቂያ ያቅርብ ተባለ። ከዘጠኙ አራቱ የላቸውም። ለምን ቢባል የቤት ቁጥር የላቸውማ! የቤት ቁጥር ቢኖራቸው ኖሮ መጀመሪያውኑ እዚህ ጣጣ ውስጥ ምን ዶላቸው?

«አሞጽ፣ ተው ይቅርብህ» አልኩት አንድ ቀን፣ በመስኮቴ በኩል። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

«ልክ ነዎት ጋሽ ዓባይነህ» አለ። «ቁጥር ይስጡልኝ።»

ሰጠሁት። ምን ላድርግ?

አንድ ጊዜ ታዲያ ስብሰባ ተጠራ። በባነሩ ላይ የጎዳና ኑሮን ችግር በዘላቂነት ስለመፍታት፣ ስለ ባለድርሻ አካላት፣ ስለ ምክክር ተጽፏል። አሞጽ ነጭ ሸሚዝ ተበድሮ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያ በፕሮጀክተር አንድ ሰዓት ሙሉ በረንዳ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አስረዳ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። አሞጽ እያንዳንዷን ነገር ማስታወሻ ያዘ፤ ይሉኝታ አለበት። ከዚያ ለሱ ሦስት ደቂቃ ተሰጠውና ገና «ዝናቡ ሳይከብድ…» ብሎ ሲጀምር መድረክ መሪው ምሳ እየቀዘቀዘ መሆኑን አሳሰቡ።

ያን ዕለት ጧት እንግዶቹ ከተማዋን እንዳይንቋት ተብሎ የገበያው በረንዳ ሰዎች አይሱዙ ላይ ተጭነው ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ተራግፈው ኖሯል። ማን እንዳዘዘ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ያዘዘ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሞጽ ወሬውን የሰማው ምሳው ላይ ነው። ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። እሱና ውድነሽ በባጃጅ ሄደው፣ መራመድ ያቃተውን በባጃጁ፣ የቀረውን በእግር ይዘው ተመለሱ። ባጃጁ ላይ ከተጫኑት አንዱ ባምላኩ የሚባል ሳል የያዘው ቡና ለቃሚ ነበር።

ባምላኩን በማግሥቱ ሆስፒታል አስገቡት። ውድነሽ ጎደሬዋን ትታ አሥራ ዘጠኝ ቀን አስታመመችው። ከዚያ ውጣ ተባለ። በማንም አልፈርድም፤ ኮሪደሩ አልጋ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲውጥና ደረቅ ቦታ እንዲተኛ ብሎ ጻፈለት። ደረቅ ቦታ! አሞጽ የራሱ ኪራይ ቤት ወለል ላይ ሁለት በሽተኛ አስተኝቶ አከራዩ «አንድ ሰው ብትጨምር አንተም ትወጣለህ» ብለውታል። የሐኪሙን ወረቀት ይዞልኝ መጣ፣ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝልኝ አለ። አያያዝኩለት። ኃላፊው መስክ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሌላውን ሹመቴን ልናገር። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። እነአሞጽ ዘጠኙም በአሞጽ ቤት ስም እድርተኛ ናቸው፤ እድር መታወቂያና ፈቃድ አይጠይቅም፣ አንድ ቀን መሞትህ ይበቃዋል።

ሐሙስ ጧት አሞጽ ቤቴ መጣ። ፎልደር አልያዘም፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። «ሰው ሞቶብናል» አለ። «ቴፒ ነው የተቀበረው። መርዶ መጥቶብን ነው።»

የኛን እድር ያየ በኢትዮጵያ ተስፋ አይቆርጥም። ሰዓት ሳይሞላ አሞጽ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከየቤቱ መጣ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። ሦስት ዓመት በአርባ አንድ ማመልከቻ ያልተገኘው ጣራ በአንድ ቃል ተገኘ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ደረስኩ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ አንድ የከሳ ሰው ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ኀዘኑ የጣለው ዘመድ መሰለኝና ውድነሽን «የሟቹ ወንድም ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ውድነሽ ጸሎተኛ ናት፤ መዋሸት አይሆንላትም። «ሟቹ ራሱ ነው» አለችኝ።

አሞጽን በክንዱ ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። «አንተ ሰው፣ በሞት ይቀለዳል? እኔን ጸሐፊውን ምን ልታደርገኝ ነው?»

«አልቀለድኩም፣ ጋሽ ዓባይነህ። ባምላኩን ዛሬ በረንዳ ላይ ባስተኛው ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ድንኳኑን ትሰጡኛላችሁ። ያው ድንኳን ነው፤ ቀኑን ብቻ ነው ያስቀደምኩት።»

ወዲያው ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ሚካኤል መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ተመልሼ ገብቼ ንፍሮ ዘገንኩ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤቱ እየመጣ ስለማያውቀው ሰው ደግነት አወራ፤ ቤት ሞልቶ ሲያበላ እናየው ነበር የሚሉም አልጠፉም። ባምላኩ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ሰማ። አንድ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ገንፎ አማረኝ አለ፣ ፊቱም ወዘና አገኘ። ይኼ ሰውዬ ይድናል ብዬ ነበር፤ ከልቤ ብዬ ነበር።

በሠልስቱ ጋሽ ሚካኤል ድንኳኑን ሊያስነቅሉ መጡና ውድነሽን ስለ ሟቹ ሲጠይቋት ነገሩ ታወቀ። እድርን የዋሸ የሚዳኘው በስብሰባ ነው። እሑድ ከቤተክርስቲያንና ከቸርች መልስ ሁሉም ተሰበሰበ። አሞጽ ተነሥቶ «ላጠፋሁት ይቅርታ» አለ። «ግን ለሞተ ሰው ሦስት ቀን ትሰጡ የለ? ለባምላኩ ሁለት ሳምንት ብትጨምሩለት እኮ ለሞቱ ድንኳን አትተክሉም ነበር።»

ጋሽ ሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ በዚያ ዕለትም ክፉ አልተናገሩም። «ልጄ፣ እድር የሞተ መቅበሪያ ነው» አሉ። «በቁሙ ላለ ሰው ድንኳን ከተከልን ነገ ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ስጡኝ ይላል።» ሰው ራሱን ነቀነቀ። እነአሞጽ ከእድሩ ይሰረዙ የምትሉ ተባለ፤ እጅ ወጣ። እኔም አወጣሁ። ለምን ብትሉኝ ሁሉም ስላወጣ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባምላኩ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ውድነሽ ላስቲክ ወጠረችለት፣ አሞጽ ካርቶን አነጠፈለት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ አስዋጡት። ዝናቡ ከበደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ባምላኩ ሞተ።

ያን ጊዜ ድንኳን አልተተከለም። እድርተኛ አይደሉማ። ቀብሩ ላይ እነሱ ዘጠኙና እኔ ነበርን። ውድነሽ በቤንችኛ ጸለየች። አንዲት ቃል አልገባኝም፣ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኀዘን ብቻ አይደለም ያስለቀሰኝ፤ አፍሬ ነው።

ስንመለስ ከአሞጽ ጎን ለጎን እየሄድኩ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ጓሮዬ አንዲት ክፍል አለችኝ። ተከራይቷት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁን ያለባት የደረቅ ቡና ጆንያ ነው። ጆንያዎቹን ተሸክሞ ያስገባልኝ ደግሞ ራሱ አሞጽ ነው። ጣራዋ እንደማያፈስ ያውቃል። የከተማውን ጣራ ሁሉ ሲለምን የኔን ግን አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም።

«ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«ማመልከቻዬን ሳያንገራግር የሚቀበለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ። «እምቢ ካሉኝ እኔም መስኮትዎ ጋ ለመምጣት አፍራለሁ፣ እርስዎም እኔን ለማየት ያፍራሉ። ከዚያ ለማን እሰጣለሁ?»

ቤት ገብቼ ጆንያ ማውጣት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሰርካዲስ ሳሎኑ በቡና ሲሞላ ቆማ አየችኝ። «ሦስት ዓመት ስለዚህ ሰው ስታማርር ክፍል እንዳለን ረስተኸው ነበር?» አለች። አልረሳሁትም። ይህንንም ነገርኳት፤ መጥረጊያ አምጥታ ወለሉን ጠረገች።

አሁን ክፍሏ ውስጥ አማረች የሚባሉ እግራቸው የቆሰለ ሴት ተኝተዋል። ውድነሽ ጧትና ማታ እየመጣች ቁስላቸውን ታጥባለች። አሞጽ መጥቶ ክፍሏን በእርምጃ ለካትና በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ቢሆን ሁለት ፍራሽ ይገባ ነበር ብሎ ግንባሩን ቋጠረ። ምስጋና ብጠብቅ ኖሮ ቆሜ እቀር ነበር።

ሰኞ መስኮቴ ላይ ነበር፣ መጋዘኑን ሊጠይቅ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው አልኩት። «እጠብቃለሁ» አለ። ወንበር አወጣሁለት። ሲዘገይ መንገዱን እንደማይ፣ ሲቀር ታሞ ይሆን ብዬ ምሳዬ እንደማይበላልኝ እሱ አያውቅም፤ እወደዋለሁ፣ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ፊት ለፊት አልነግረውም።

መጋዘኑ እስካሁን አልተፈቀደም፤ የሚፈቀድም አይመስለኝም። በገበያው በረንዳ ሃያ ምናምን ሰው አለ። የእድሩ ሰዎች ሲያገኙኝ «ጋሽ ዓባይነህ፣ ያቺ ያንተ ክፍል ምን ትፈይዳለች? ለአንድ ሰው ነው የምትበቃው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ለአንድ ሰው ነው የምትበቃው። ባምላኩም አንድ ሰው ነበር።