«እኔ ልክፈል»ን ያስቀረው ካርድ

የአዲሱ ገበያ የጠዋት አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ፣ የወ/ሮ ጀዊሪያ ሱቅ ጓዳ (መቀመጫ፦ የስኳር ኬሻና የለስላሳ ሳጥን)
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡25 ተጀመረ። ለመዘግየቱ ምክንያት ያቀረበ ሰው ስለሌለ ምክንያት አልተመዘገበም።

የተገኙ አባላት፦
1. ወ/ሮ ገበያነሽ፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት
2. አቶ ቶለሳ፣ አመልካች፤ ልብስ ሰፊ
3. አቶ ሸፊ፣ ተከሳሽ፤ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ («ተከሳሽ» የሚለው ይሰረዝልኝ ብለዋል፤ ተሰርዟል)
4. ወ/ሮ ጀዊሪያ፣ ገንዘብ ያዥና የጓዳው ባለቤት
5. አድነው፣ ጸሐፊ፤ ይህን የሚጽፈው
6. አቶ ዓምሃ፣ አባል፤ በመንገድ ላይ

ያለ ድምፅ የተጋበዙ፦ ወ/ሪት ኢየሩ፣ ስልክ ጠጋኝ፤ የኮሚቴው የቴክኒክ አማካሪ።
ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት፣ ከተመረጡበት ቀን ጀምሮ።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በደንቡ መሠረት ከዘጠኝ አባላት ስድስት መገኘት ስላለባቸውና በጓዳው ውስጥ አምስት ብቻ ስለተቆጠሩ፣ ሰብሳቢዋ ለአቶ ዓምሃ ደወሉ። አቶ ዓምሃ «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ብለው መልሰዋል። በሩ ተከፍቶ ታየ፤ ማንም አልነበረም። ሰብሳቢዋ «በር ላይ ነኝ ያለ ሰው እንደገባ ይቆጠራል፤ የአዋቂ ሰው ቃል ነው» በማለታቸው፣ ለአቶ ዓምሃ አንድ የለስላሳ ሳጥን ተጠርጎ ተቀምጦላቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊው ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አስታውሶ «አድነው፣ ነገር አታክርር» ተብሏል።

አጀንዳ 1፦ የአቶ ቶለሳ አቤቱታ

አቶ ቶለሳና አቶ ሸፊ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ሲሆኑ ከሃያ ዓመት በላይ በየጠዋቱ በአንድ አውቶቡስ መርካቶ ይወርዳሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ትኬት ቆራጩ ፊት «እኔ ልክፈል»፣ «በሞቴ አትከፍልም» ሳይባባሉና ሳይጓተቱ የተሳፈሩበት ጠዋት እንደሌለ ሁለቱም አምነዋል። አቶ ሸፊ አንድ ጊዜ ከዋዜማው ለትኬት ቆራጩ ከፍለው አድረው አቶ ቶለሳን ጉድ ማድረጋቸው፣ አቶ ቶለሳም በአጸፋው የአቶ ሸፊን ኮት ለጥገና ተቀብለው ኪሶቹን በሙሉ ሰፍተው መመለሳቸው በማስረጃነት ቀርቧል። ኮቱ ለጉባኤው ታይቷል። ስፌቱ ጥሩ ነው።

ከዚያ ካርዱ መጣ። ትኬት ቆራጩ ቀረ፤ በበሩ ላይ ካርድ የሚያነብ ማሽን ተተከለ። በመጀመሪያው ጠዋት አቶ ቶለሳ ካርዳቸውን አስጠጉ፤ አረንጓዴ በራ። «ይሄኛው ደግሞ ለሸፊ» ብለው ሲደግሙ ቀይ በራና ማሽኑ ጮኸ። ከኋላ ያለው ሰልፍ «ኧረ በናታችሁ እንሂድ!» ማለት ሲጀምር፣ አቶ ሸፊ የራሳቸውን ካርድ አውጥተው አስጠግተው ገቡ። አቶ ቶለሳ «ካርድ አወጣህብኝ?» ማለታቸውን፣ አቶ ሸፊም «ምን ላድርግ፣ ሰው እየጮኸ!» ማለታቸውን በዕለቱ በቦታው የነበሩት ወ/ሮ ጀዊሪያ አረጋግጠዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ አቶ ሸፊ ከሹፌሩ ጀርባ፣ አቶ ቶለሳ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጣሉ። ሰላምታ የለም።

ሰብሳቢዋ ይህ ጉዳይ ኮሚቴውን በምን እንደሚመለከት ጠየቁ። አቶ ቶለሳ ከኬሻው ላይ ተነሥተው፣ ቃል በቃል ይመዝገብልኝ በማለት የሚከተለውን ተናግረዋል፦

«ባለቤቴ ጸሐይ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ብላ የሚለኝ የለም፣ ተው የሚለኝ የለም። ጠዋት ጠዋት 'በሞቴ እንዳትከፍል' ብሎ እጄን የሚይዘኝ ይሄ ሰውዬ ነበር። እኔ ከአልጋዬ የምነሣው ለዚያ ነበር እኮ! አሁን ማን ያናግረኛል? ማሽን። ምን ይለኛል? ጢጥ። በቃ።»

አቶ ሸፊ በበኩላቸው «እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለህ? ለብቻዬ ከፍዬ ስቀመጥ የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ዘይት ጄሪካኖቹ አዙረዋል። ጸሐፊው ሆዱ ባብቷል፤ ይህም እንዲመዘገብ ራሱ ወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ስለመረዳት

ወ/ሪት ኢየሩ «ዝም ብላችሁ ካዳመጣችሁኝ አሁን እጨርሳለሁ፤ ከጠየቃችሁኝ እዚሁ እናድራለን» ብለው ማብራሪያ ሰጥተዋል። በማብራሪያቸውም ካርዱ ባትሪ እንደሌለው፣ ውስጡ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ሽቦ እንደተጠመጠመ፣ ምስር የምታክል ቺፕም እንዳለችበት፣ ማሽኑ ሞገድ ስለሚረጭ ካርዱ ሦስት አራት ጣት ያህል ሲጠጋው ሽቦው ያንን ሞገድ ይዞ ለቺፗ ኃይል እንደሚሰጣት፣ ቺፗም ነቅታ ቁጥሯን ተናግራ ሒሳቡ ሲቀነስ ተመልሳ እንደምትተኛ አስረድተዋል። በዚህም ምክንያት ካርዱን ማሸት፣ መጫንና እፍ ማለት እንደማያስፈልግ አሳስበዋል። አንድ ካርድ ወዲያው ሲደገም ማሽኑ እምቢ የሚለውም ሰው በስህተት ሁለቴ እንዳይከፍል ታስቦ ነው።

ሰብሳቢዋ ባትሪ ከሌለው እርሳቸው ኃይል እንዲሞላ ብለው ማታ ማታ ከሬዲዮው ጋር ሲሰኩት የቆዩት ምን እየሆነ እንደነበር ጠይቀዋል። «ምንም አልሆነም እማማ፣ ግን የት ነው የሚሰኩት?» የሚል መልስ ተሰጥቷል። ሰብሳቢዋ ወደ ሌላ ጥያቄ እንዲታለፍ አዘዋል።

አቶ ሸፊ ቺፗ ጋባዥንና ተጋባዥን ትለይ እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሪት ኢየሩ «ጋሽ ሸፊ፣ ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው» አሉ። አቶ ሸፊ «ታዲያ አሳዳጊ የበደላት ናታ!» ብለዋል። አስተያየቱ ድጋፍ አግኝቷል።

ነገሩን በተግባር ለማየት ቢፈለግም ማሽን ባለመኖሩ፣ ጸሐፊው ማሽን እንዲሆን ወ/ሮ ጀዊሪያ ሐሳብ አቀረቡ። ከበሩ አጠገብ መዳፉን ዘርግቶ እንዲቆም፣ ካርድ ሲጠጋው «ጢጥ» እንዲል፣ ያው ካርድ ሲደገም ፊቱን እንዲያጠቁር በአምስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ከድጋፎቹ አንዱ የአቶ ዓምሃ ሲሆን በስልክ ተጠይቀው «ደርሻለሁ» ብለዋል። ተቃውሞው የጸሐፊው ነው። ፊት ማጥቆሩን ያለ ልምምድ ተወጥቶታል።

አጀንዳ 3፦ የመፍትሔ ሐሳቦች

ሀ. ወ/ሮ ጀዊሪያ፣ ጋባዡ ካርዱን አንዴ አስጠግቶ ማሽኑ ዳግመኛ እሺ እስኪለው አውቶቡሱ ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ሰልፈኛውም እስከዚያ ሻይ እንዲጠጣ ሐሳብ አቅርበዋል። ሻዩ ከየት እንደሚመጣ ተጠይቀው «ሱቄ እዚሁ ማቆሚያው ፊት ነው፣ ምን ችግር አለው?» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ለስኳሩ መጠን ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል።

ለ. አቶ ቶለሳ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት ፎይል ሞገዱን እንደሚያግድ ከአማካሪዋ ስለሰሙ፣ የአቶ ሸፊ ካርድ ሁልጊዜ ጠዋት በፎይል ተጠቅልሎ በክር እንዲሰፋ ጠይቀዋል። አቶ ሸፊ «ኪሴን የሰፋኸው አነሰህ?» ብለው ተቃውመዋል። ሆኖም ለራሱ የመክፈል ዝንባሌ ለሚታይበት ተሳፋሪ ሁሉ ኮሚቴው ፎይል እንዲያድል በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

ሐ. አቶ ሸፊ፣ ማሽኑ የሚቆጥረው ካርድ እንጂ ሰው ባለመሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ለብሰው እንደ አንድ ሰው ቢገቡ ጉዳዩ እንደሚያልቅ አስረድተዋል። ሰብሳቢዋ «ይሄ ማጭበርበር ነው፣ በእኔ ሰብሳቢነት አይሆንም» ቢሉም፣ አቶ ሸፊ ማንም ሳይከፍል እንዳይገባ ሁለቱም ካርዳቸውን ከጋቢው ሥር እንደሚያስጠጉ ቃል ገቡ። ይህ ከሆነ ጋቢው ለምን እንዳስፈለገ ጸሐፊው ጠይቆ ማሽን እንደማይናገር ተነግሮታል።

ሙከራው በወ/ሮ ጀዊሪያ ጋቢ ተደርጓል። ሁለቱ አዛውንቶች ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ጸሐፊው ቀረቡ። ከጋቢው ሥር «እኔ ላስቀድም»፣ «ተው እንጂ፣ በሞቴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ መጓተት ሆነ። ጋቢው፣ ሁለቱ አባላትና ሁለቱ ካርዶች አፉ በተከፈተው የስኳር ኬሻ ላይ ወድቀዋል። የደረሰ ጉዳት የለም፤ ስኳሩ ግን ለሽያጭ እንዳይቀርብ ወ/ሪት ኢየሩ አሳስበው ወ/ሮ ጀዊሪያ አልሰማሁም ብለዋል።

አጀንዳ 4፦ ከስኳሩ ውስጥ ስለወጡት ካርዶች (በድንገት የተያዘ)

ካርዶቹ ተፈልገው ወጡ። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ስም የሌላቸው፣ ሁለቱም ስኳር የቀባቸው ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ወ/ሪት ኢየሩ ስልካቸውን አስጠግተው ሲያነቡ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኝቷል። ሙሉው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አቶ ቶለሳ «ያንተ ነው፤ ባዶው የኔ ነው» አሉ። አቶ ሸፊ «ወላሂ ባዶው የኔ ነው!» አሉ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ሰብሳቢዋ የግማሽ ኪሎውን የሚዛን ብረት ሳጥን ላይ እየመቱ፣ በመምህርነት ዘመናቸው ሁሉ የጎደለውን የኔ ነው ብሎ የተጣላ ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናግረዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላም እያንዳንዳቸው ለዛሬ አንድ አንድ ካርድ ይዘው እንዲሄዱ፣ ነገ ሰኞ ካርድ መሸጫው መስኮት ቀርበው በቁጥሩ አጣርተው ለየባለቤቱ እንዲመልሱ፣ ወደፊትም እያንዳንዱ ተሳፋሪ በራሱ ካርድ ለራሱ ብቻ እንዲከፍል ተወስኗል። አቶ ቶለሳ ውሳኔውን ሰምተው አንዱን ካርድ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተዋል። አቶ ሸፊም የቀረውን አንሥተዋል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ውሳኔዎቹ በሙሉ እንዲጸድቁ ድምፅ ሲጠየቅ ሁለት ደግፈው ሁለት ተቃውመው ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ ስላደረገ፣ ለወሳኝ ድምፅ ለአቶ ዓምሃ ተደወለ። ስልኩን ያነሡት ባለቤታቸው ወ/ሮ ቡርቱካን ናቸው። አቶ ዓምሃ ከምሳ ጀምሮ ተኝተው እንዳሉ፣ ስልክ ትራሳቸው ሥር ሲጮህ በእንቅልፍ ልባቸው «ደርሻለሁ» የማለት ልማድ እንዳላቸው፣ ለዕቁብም ለለቅሶም ያው እንደሆነ ገልጸዋል። «ልቀስቅሰው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሁሉም ባዶውን ሳጥን እያየ ነበር።

ጸሐፊው በደስታ ሳይሆን በግዴታ፣ ምልዓተ ጉባኤው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ አስታወቀ። (በደስታ ነበር።) ስለሆነም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ሻዩ፣ ፎይሉ፣ ጋቢውና የካርዱ መመለስ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኗል።

አቶ ቶለሳ እጃቸውን አወጡ፦ «ካርዱን መልሱ የሚለውም ቀረ?»

ሰብሳቢዋ፦ «ቀርቷል።»

አቶ ሸፊ፦ «መስኮት ሄዳችሁ አጣሩ የሚለውስ?»

ሰብሳቢዋ፦ «እሱም።»

አቶ ሸፊ ወደ ወ/ሪት ኢየሩ ዞረው፣ እንዲህ ከሆነ ነገ ጠዋት በማን ካርድ ማን ለማን እንደሚከፍል የሚያውቅ ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሪት ኢየሩ ማንም እንደማያውቅ፣ ማሽኑም ቁጥር እንጂ ሰው ስለማያውቅ ሊናገር እንደማይችል አረጋገጡ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ።

«እንግዲያው የምከፍልልህ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ቶለሳ።

«ወላሂ አትከፍልም!» አሉ አቶ ሸፊ።

ሁሉንም የሚሽረው ውሳኔም ያለ ምልዓተ ጉባኤ የተወሰነ መሆኑን ጸሐፊው ሊያስረዳ ሲሞክር ሰብሳቢዋ «አድነው፣ እስክሪብቶህን ክደን» ብለዋል። ስብሰባው ከቀኑ 11፡40 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊው ለቃለ ጉባኤው መሟላት ሲል ሁለቱን ጎረቤቶች እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተከትሏቸዋል። በእሑድ ማታ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠየቁ የሚሄዱበት ጉዳይ እንደሌላቸው ተናግረዋል። አውቶቡሱ መጣ። ሁለቱም በእጃቸው ያለውን ካርድ አስጠጉ፤ ማሽኑ ሁለቴ ጢጥ አለ፣ ሁለቴም አረንጓዴ በራ። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ የታየው፣ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን እያወናጨፉ ሲከራከሩ ነው።

አድነው
ጸሐፊ (የቀድሞ ማሽን)