የአቶ ወልደሚካኤል ሃርድ ዲስክ

ምንም ነገር መጣል የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ የዛገ ሚስማር ያጠራቅማል፣ ሌላው ባዶ ጠርሙስ። ከሐረር ኤረር በር ገባ ብሎ ላለው ሰፈራችን የደረሱት ክቡር አቶ ወልደሚካኤል ናቸው። እሳቸው የሚያጠራቅሙት ፊልም ነው።

ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው ሐረር መጡና “ለጊዜው ነው” እንዳሉ ሸበቱ። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ያንኮራፋል። ከእሱ የወጣው ገመድ በጣሪያ ላይ እየተሳበ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ሁሉ ይቀልባል። የህንድ ፊልም በሉት፣ ኳስ በሉት፣ ራሳቸው በካሜራ የቀረጹት የሰፈሩ ሰርግ በሉት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። አንዴ ባዶ ለባዶ ያለቀ የድሮ ጨዋታ እንዲሰርዙ ለመንኳቸው። “ይቆይ፣ ይፈለጋል” አሉኝ። መብራት ሄዶ ድምፁ ብቻ የተቀረጸውን ሰርግም “ይቆይ፣ ይፈለጋል” ብለው አስቀምጠውታል።

ዋና ደንበኛቸው ግድግዳ የሚጋሯቸው ወይዘሮ ሰዐዲያ ናቸው። ልጃቸው ዓቢር አግብታ ጅዳ ከሄደች ወዲህ አልተመለሰችም። እናት የልጃቸውን ሰርግ ደጋግመው ያያሉ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ዞር ብላ ወደ እናቷ የምታይበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም።

በ2009 ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ወልደሚካኤል አንዲት ነገር ከሚሰርዙ ብለው ትልቅ አዲስ ዲስክ ገዙና ጠጋኙን አቤልን አስጠሩ። አቤል የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። የድሮው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሊሞት መሆኑን፣ ሁሉንም ለማዛወር እንደማይደርስለት ነገራቸው።

“ጋሼ፣ ከሁሉ የሚበልጥብዎትን ይንገሩኝ፤ እሱን ላስቀድም።”

እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ያሳደገቻቸው እህታቸው ዘነበች በሕይወት ሳለች ጎጃም ሄደው የቀረጿት ምስል አለ። ጤፍ ማሳ ዳር ቆማ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ሌላ ምስል የላትም። ከሞተች ወዲህ “ማን አለኝ?” ብለው አገራቸውን አልረገጡም።

አቶ ወልደሚካኤል ከወይዘሮ ሰዐዲያ ጋር የሚጋሩትን ግድግዳ አዩት።

“የዓቢርን ሰርግ” አሉ። “ከዚያ ዘነበችን።”

ሰርጉ ተረፈ። ዘነበች ላይ ሲደርስ ዲስኩ ጸጥ አለ። አቤል ነቅሎ ቢሰካው፣ ቢያገላብጠው፣ ወይ ፍንክች። አቶ ወልደሚካኤል ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ደክሞሃል፣ ምሳ ብላ አሉት። ለወይዘሮ ሰዐዲያ እንዳንናገርም አስጠነቀቁን። አቤልን ግን አላስቻለውም፤ ነገራቸው።

በሳምንቱ እኔ ፊልም ልዋስ ሄጄ ሳለሁ ወይዘሮ ሰዐዲያ ገቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ነበር፤ ራሳቸው አጠፉትና አቶ ወልደሚካኤል አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ዲስኩ አላነሱም፤ አላመሰገኑምም።

“ዘነበችን አላህ ይማራት” አሉ። “እስቲ ይንገሩኝ፣ ሳቋ እንዴት ነበር?”

አቶ ወልደሚካኤል ፍንጭት እንደነበረች፣ በፍንጭቷ እያፈረች በነጠላዋ አፏን ይዛ እንደምትስቅ፣ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ እንደሚያጋልጣት ነገሯቸው። ወይዘሮ ሰዐዲያ ፈገግ ሲሉ፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ አፍኗት ሁለቱም እንዴት እንደተባረሩ ቀጠሉ። እኔም የመጣሁበትን ትቼ ወንበሬን አስጠጋሁ።