ከሰላምታው የጎደለው

እኛ ጅማ አጠገብ ያለችው የየቡ ከተማ ሰዎች ሰላምታ ላይ አንታማም። እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ላሟስ፣ ቡናውስ እንዴት ይዟል እያልን ስንጠያየቅ የወጣንበት ጉዳይ ይረሳል። መልሳችን ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አልሐምዱሊላህ ይላሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ቁርስ ሳንቀምስ ስሙን ሃያ ጊዜ እንጠራዋለን። ሰውን ሃያ ጊዜ ጠርታችሁት ዞር ብላችሁ ባታዩት ይቀየማችኋል። እሱ ግን ቻይ ነው።

ይህን የምለው እኔ ነጻ ሆኜ አይደለም። በሙያዬ አናጺ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው፣ ከእኛ ጋር ማለት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ጓሮም ገበያም ነው እያልኩ ጣቴን ቀስሬ ልጆቹን አሰለቻቸዋለሁ። ጣት መቀሰር ቀላል ነው።

ባለፈው ኅዳር ባለቤቴን አለሚቱን ሆዷን አሟት ጅማ ወስጄ ባስመረምራት የሐሞት ጠጠር ነው፣ ነገ ከሰዓት ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ብለው እዚያው አስቀሯት። ልብስ ላመጣላት ማታውኑ ወደ የቡ ተመለስኩ። ጠዋት እንደ ልማዴ ጓሮ ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ለፀሐይ ገለጥኩት። የሚሸፈንበትን ላስቲክ አጣጥፌ መጋዘን አስገባሁ፤ ሌባ እንዳይወስደው ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አጥሩ ጋ ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ቆመው ነበር። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ?" አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። እግዚአብሔር ይመስገን ብያቸው አለፍኩ። ስለ አለሚቱ አልነገርኳቸውም። ከአፌ ቢወጣ ፍርሃቴ የሚብስ መስሎኝ ነው።

ከሰዓት ጅማ ሆስፒታል፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊያስገቧት ሲሉ አለሚቱ እጄን ያዘችኝ። ስለ ራሷ ምንም አላለችም። ቀዩን ብቻ እየመረጠች በእጇ የለቀመችው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታገላብጠው የከረመችው ቡና ነው ያሳሰባት።

"ሸፍነኸዋል አይደል?"

"ሸፍኜዋለሁ" አልኳት። ለታመመ ሰው ምን ይባላል?

በሩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ዝናብ ወረደ፤ ያውም በየቡ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሮ። ስለ እሷ የጀመርኩትን ጸሎት ስለ ቡናው እጨርሰዋለሁ፤ ደግሞ አፍሬ ወደ እሷ እመለሳለሁ። እንድትነቃ ፈለግሁ፤ ነቅታ የምትጠይቀኝን ደግሞ ፈራሁ። በመጨረሻ እግዚአብሔርን "የት ነህ?" አልኩት። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ነኝ እንግዲህ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ የቡ ስደርስ ማድረቂያ አልጋው ላይ ሦስት በሮች ተጋድመዋል። ለደንበኛዬ ሠርቼ ከግድግዳው ጋር ያስደገፍኳቸው በሮች ናቸው፤ እንዳይንሸራተቱ ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። አንዱን ቀና አድርጌ እጄን ሰደድኩ። ቡናው ደረቅ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በሮቹ ግን ውኃውን ጠጥተው አብጠዋል።

እማማ ዘይነባ በአጥሩ በኩል መጡ። ላስቲኩን ቆልፌበት ስለሄድኩ ዝናቡ ሲመጣ ከምራታቸው ጋር ያገኙትን በር ተሸክመው ነው ለቡናው የደረሱለት። ወገባቸውን ይዘዋል። ቤት ሰው እንደሌለ እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሁልጊዜ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለህ። ትናንት ሳትጠይቀኝ አለፍክ። ይሄ ልጅ ደህና አይደለም ብዬ ዓይኔን ከግቢህ አላነሳሁም።"

የት ነህ ብዬ ስጮህ፣ እሱ ጓሮዬ ውስጥ በር ያሸክም ኖሯል።

አለሚቱ ከተመለሰች በኋላ ውሸቴን ነገርኳት። የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ደንበኛዬ አልሳቀም፤ ያበጡትን በሮች እንደገና በመላጊያ ላግኩለት።

ትናንት ጠዋት እማማ ዘይነባ እንዴት አደርክ ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና ልራመድ ስል አተኩረው አዩኝ።

"ይሄኛው የእውነት ነው?"

ቆምኩ። "የእውነት ነው፣ እማማ። ጉልበትዎስ እንዴት አደረ?"

ስለ ጉልበታቸው ከመነሻው ጀመሩልኝ። ሥራ ረፈደብኝ።